የሕይወት አመጣጥና የአለት ምስክርነት፤ ከጣርማ በር እስከ ዳሎል

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ላይ የሚታየው ጥቁር ገደል፣ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ሲረጋ የተፈጠረ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንትም አንዱን የባዛልት ንብብር በዚሁ ቦታ ስም ይጠሩታል። ዕድሜው በአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠር ሲሆን፣ ከምድር የ4.5 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር የቅርብ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሕይወት መቼ እንደ ተጀመረ አይመሰክርም። በምን ዓይነት ኬሚካላዊ ሂደት ሊጀመር እንደሚችል ለማስረዳት ግን ለመምህሩ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ይሰጣል።

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

በክፍል ውስጥ አስቀድሞ መለየት የሚገባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ነቀዝ ከእህል፣ ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይፈጠራልን? የሚለው ነው። ይህን ሐሳብ ፍራንቼስኮ ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በኋላም ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ ዓመታት በሙከራ አፍርሰውታል። ፓስተር አንገቱ በተቆለመመ ብርጭቆ ውስጥ ያፈላው መረቅ፣ አቧራ እስካልደረሰበት ድረስ ሳይበላሽ ቆይቷል። ሁለተኛው ጥያቄ፣ የመጀመሪያው ሕያው ነገር እንዴት ተገኘ? የሚል ነው። የፓስተር ሙከራ ይህን አይመልስም፤ ምክንያቱም የጥንቷ ምድር አየር ነጻ ኦክስጅን አልነበረውም፣ የተፈጠረውን ውሁድ የሚበላ ተሕዋስም አልነበረም።

ከጋዝ እስከ ሸክላ አፈር

ኦፓሪን እ.ኤ.አ. በ1924፣ ሃልዴን ደግሞ በ1929 የሕይወት መሠረታዊ ውሁዶች ከቀላል ጋዞች ቀስ በቀስ ተገንብተዋል የሚል መላ ምት አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1953 ስታንሊ ሚለር በሚቴን፣ በአሞኒያ፣ በሃይድሮጅንና በውሃ እንፋሎት መካከል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ቢያሳልፍ አሚኖ አሲዶችን አገኘ። የጥንቱ አየር በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ሳይሆን አይቀርም የሚለው የኋለኛው አስተያየት የዚህን ሙከራ ክብደት ቀንሶታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1969 በአውስትራሊያ መርቺሰን በወደቀው የሰማይ ድንጋይ ውስጥ አሚኖ አሲዶች መገኘታቸው፣ እነዚህ ውሁዶች ያለ ሕይወት ሊፈጠሩ እንደሚችሉ አረጋግጧል።

ከባዱ ደረጃ ጡቦቹን ማግኘት ሳይሆን ጡቦቹን ማያያዝ ነው፤ ውሃ ረጃጅም ሰንሰለቶችን ይበጣጥሳልና። እዚህ ላይ ሸክላ አፈር ይገባል። ባዛልት በዝናብና በሙቀት ሲበሰብስ፣ በክረምት የሚያብጥና በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ይሆናል። በእንዲህ ዓይነቱ አፈር ውስጥ ያሉት ማዕድናት ሞንትሞሪሎናይት የሚገኝበት ቤተሰብ ናቸው። ጄምስ ፌሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ በዚህ ማዕድን ገጽ ላይ አስቀድመው ኃይል የተሰጣቸው የአር.ኤን.ኤ. አሃዶች እስከ 50 ገደማ ርዝመት ባለው ሰንሰለት ተያይዘዋል። አር.ኤን.ኤ. ራሱ ኬሚካላዊ ለውጥን ማፋጠን እንደሚችል ደግሞ ቀደም ብሎ በ1982 ታውቋል።

የዳሎል ትምህርት

በሰሜን አፋር ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ዳሎል፣ ሞቃትና እጅግ ጨዋማ የአሲድ ኩሬዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያንን ምልክት እንዳገኘ ሲያስታውቅ፣ ሌላው ቡድን በዚያው ዓመት በጨውና በአሲድ እጅግ በበረቱት ኩሬዎች ሕይወት እንደሌለ፣ ሕያው የሚመስሉ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች ግን እንዳሉ ገለጸ። ውሃ መኖሩ ብቻ ሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ቅርጽ ብቻም እንዲሁ።

ለክፍል ሥራ

ዋልካና አሸዋ በየብርጭቆው ይደረግና፣ በሜቲሊን ብሉ የተቀለመ ውሃ በእኩል መጠን ይጨመርበታል። ተነቅንቆ ሲረጋ የዋልካው ውሃ ይጠራል፤ ሸክላው ሞለኪውሎችን በገጹ ላይ ይዟልና። ይህ የሚያሳየው መያዝን እንጂ ሕይወት መፍጠርን አለመሆኑ ለተማሪዎቹ መነገር አለበት። ቀጥሎም ተማሪዎቹ በሦስት ረድፍ ይመዝግቡ፤ በሙከራ የተረጋገጠውን፣ በመላ ምት ያለውን፣ ገና ያልታወቀውን። ከሕይወት አልባ ነገር ሙሉ ሕያው ሕዋስ እስከ ዛሬ በቤተ ሙከራ አልተገኘም። መምህሩ ይህን ቢሸሽግ መላ ምቱን እንደ ተፈጸመ እውነት ያስጠናል፤ የተረጋገጠውን ቢሸሽግ ደግሞ ተማሪውን ከማስረጃ ያርቃል። በዕቅድ ረገድም ለዚህ ትምህርት የሚመደበው ጊዜ፣ የመላ ምቶችን ስም ከማስጠናት ይልቅ ማስረጃን ለመመዘን ቢውል ፍሬው ይበዛል።