ዘይቤና ኅብረ ቃል፦ የነገር መመሳሰልና የድምፅ መገጣጠም

ዘይቤ የሚለው ቃል ከግእዝ የተወረሰ ሲሆን፣ «ዘ» እና «ይቤ» ተጣምረው በጥሬው «ያለው፣ የተናገረው» የሚል ፍቺ ይሰጣሉ፤ በዛሬው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ግን ቃላት ከተለመደው ፍቺያቸው ወጣ ብለው ሌላ ሐሳብ እንዲሸከሙ የሚደረግበት የአነጋገር ስልት መጠሪያ ሆኗል። የዘይቤ ዓይነቶች በመማሪያ መጻሕፍት በተርታ ስለሚዘረዘሩ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አባላት ይመስላሉ፤ በቅርበት ለሚመረምራቸው ግን በሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ወገን የሚቆመው ነገር ከነገር ጋር በመመሳሰሉ ወይም በመቃረኑ ላይ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚቆመው ድምፅ ከድምፅ ጋር በመገጣጠሙ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ወገን በአንድ ምስል፣ በክረምት ሰማይ፣ መከተል ይቻላል። «ፊቱ እንደ ሐምሌ ሰማይ ጠቆረ» ሲባል ሁለቱ ነገሮች «እንደ» በሚለው ቃል ጎን ለጎን ስለቀረቡ ተነጻጻሪ ዘይቤ ይባላል፤ ማነጻጸሪያው ቃል ወጥቶ «ፊቱ የሐምሌ ሰማይ ነው» ሲባል አንዱ ነገር በሌላው ቦታ ስለገባ ተለዋጭ ዘይቤ ይሆናል። «ሰማዩ አኩርፎ ከረመ» የሚለው አባባል ግዑዙን ነገር የሰው ጠባይ ስላለበሰው ሰውኛ ዘይቤ ሲሆን፣ «አንተ ሰማይ፣ መቼ ነው የምትስቀው?» ብሎ መልስ ሊሰጥ የማይችለውን አካል እንደሚሰማ ቆጥሮ ማነጋገር ደግሞ እንቶኔ ይባላል። «እንባው ጎርፍ ሆኖ ድልድይ ወሰደ» ማለት ነገሩን ከልክ በላይ የሚያገዝፍ ግነት ነው፤ ዝናብ ሲያበሰብሰው የዋለን ሰው «ፀሐዩ አቃጠለህ አይደል?» ብሎ መቀበል፣ የተነገረውና የታሰበው ተቃራኒ ስለሆኑ፣ ምጸት ነው፤ «በዝናብ መካከል የተጠማ ምድር» የሚለው ደግሞ የሚጋጩ ሁለት ሐሳቦችን በአንድነት ስለሚያስማማ አያዎ ይባላል።

ሁለተኛውን ወገን ለመረዳት ወደ ቅኔ ቤት መሻገር ያስፈልጋል። ቅኔ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በግእዝ የሚደረስ፣ በየበዓሉ አዲስ ሆኖ የሚቀርብ የግጥም ጥበብ ሲሆን፣ ከታወቁት መማሪያዎቹ መካከል በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ በወሎ ደግሞ ዋድላ ይጠቀሳሉ። ተማሪው ጉባኤ ቃናን በ2፣ ሥላሴን በ6፣ መወድስን በ8 ቤት እየቆጠረ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሻገራል፤ ከቤቱ ቁጥርና ከዜማው ጋርም ምሥጢር የሚቋጠርባቸውን መንገዶች ይማራል። ከነዚህ መንገዶች እጅግ የታወቀው ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ሥራ ነው፤ አንጥረኛው የሚሻውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራና በሸክላ ጭቃ ይለብጠዋል፣ ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል፤ በግጥምም ሰም የተባለው ላይኛው መልክ፣ ወርቅ የተባለው ደግሞ ውስጡ የሚገኘው ሐሳብ ነው።

ይሁን እንጂ በዕለት ተዕለት አነጋገር ሰምና ወርቅ የሚባለው ሁሉ በቅኔ ቤት በዚህ ስም አይጠራም። በሊቃውንቱ አከፋፈል በሰምና ወርቅ ቅኔ ሁለቱም በግልጽ ተጠርተው ይጣመራሉ፤ ለምሳሌ በአማርኛ «የዕውቀት ዝናብ የልቡናን እርሻ አረሰረሰ» ቢባል፣ ዝናብና እርሻ ሰም፣ ዕውቀትና ልቡና ወርቅ ናቸው፣ «አረሰረሰ» የሚለው ግሥም ሁለቱን ያስተሳስራል። ይህ አሠራር በነገሮች መመሳሰል ላይ ስለሚቆም ለተለዋጭ ዘይቤ የቅርብ ዘመድ ነው። አንድ ቃል ብቻውን ሰሙንም ወርቁንም ሲሸከም ግን መንገዱ ኅብር፣ ቃሉም ኅብረ ቃል ይባላል፤ ውጫዊው ንግግር ሙሉ ሆኖ ሳለ ምሥጢሩ ከውስጡ ሲደበቅ ደግሞ ውስጠ ወይራ ይባላል።

አማርኛ ለኅብር የተመቸ ቋንቋ ነው። ንብ አናቢ ጎረቤቱን ያስቀየመ ሰው «ደጅህ ቆሜ ማር እልሃለሁ» ቢል፣ ሰሙ የንብ ማር መጠየቅ፣ ወርቁ ደግሞ «ይቅር በል» ብሎ ምሕረት መለመን ነው፤ ማርና ምሕረት በባሕርያቸው ስለተመሳሰሉ ሳይሆን ቃሎቹ በድምፅ ስለገጠሙ ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ አፍ ተነገሩ። ጽሕፈቱም የራሱን ድርሻ ያበረክታል፤ ፊደሉ የተናባቢን መጥበቅና መላላት ስለማይለይ፣ «ከሹም ደጅ ስትቆም ለምን» የሚለው ስንኝ «ም» ጠብቆ ሲነበብ ልመናን የሚመክር፣ ላልቶ ሲነበብ ግን ደጅ መጥናቱን ራሱን በጥያቄ የሚሞግት ይሆናል። በተቃራኒው «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» በፊደል ተለያይተው በአማርኛ አነባበብ ስለሚገጥሙ፣ የመጀመሪያው የፀሐይን መውጣት፣ ሁለተኛው ሌብነትን ቢያመለክትም፣ ዓይን የሚለያቸውን ጆሮ ያቀላቅላቸዋል።

ይህ ስልት ከግጥም አልፎ የማኅበራዊ ኑሮ መልክ ተደርጎም ተጠንቷል፤ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ላሳተመው መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም የሰጠው በአማራው ባህል ውስጥ ድርብ ትርጉም ያለውን ቦታ ለማሳየት ነበር። በእርግጥም በሹም ፊት የተነገረ ኅብረ ቃል፣ ተናጋሪው ቢጠየቅ ሰሙን አሳይቶ ወርቁን ለመካድ ያስችለዋል፤ ተለዋጭ ዘይቤ ግን ይህን ያህል መሸሸጊያ አይሰጥም።

ሁለቱን ወገኖች ለመለየት የሚበጀው መፈተኛ ትርጉም ነው። ፊትን ከጠቆረ ሰማይ ጋር የሚያነጻጽር አነጋገር፣ ጥቁር ደመና በሚታወቅበት አገር ሁሉ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ምስሉ አብሮ ይሻገራል፤ በንብ አናቢው ደጅ የተነገረውን ቃል የሚመልስ ተርጓሚ ግን ከማሩና ከምሕረቱ አንዱን መርጦ፣ ሌላውን በግርጌ ማስታወሻ ለማስረዳት ይገደዳል።