ከጥናት ወደ አሠራር፦ የወንጀል ፍትሕ ማሻሻያው ለአቃቂ ቃሊቲ ባለጉዳዮች ያለው ትርጉም

የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ፣ ፋብሪካዎች የሚበዙበት አካባቢ ነው። የቃሊቲና የቂሊንጦ ማረሚያ ቤቶችም በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። በመሆኑም ስንቅ ይዘው የታሰረ ዘመዳቸውን ለመጠየቅ የሚመጡ ቤተሰቦች ወደ አካባቢው ይመላለሳሉ። የእነዚህ ቤተሰቦች ዋነኛ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው፦ ፍርድ ቤት የሚቀርበው መቼ ነው? ዋስትና ይፈቀድለታል ወይ? ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለስ ምን ይደረጋል? ይህ ማብራሪያ ለጥያቄዎቹ መልስ የሚሆኑትን የሕግ ድንጋጌዎችና የማሻሻያውን መነሻ ያስረዳል።

የማሻሻያው መነሻ

በ1997 ዓ.ም. በአቅም ግንባታ ሚኒስቴር አማካይነት የአገሪቱን የፍትሕ ሥርዓት የዳሰሰ መነሻ ጥናት ቀርቧል። ጥናቱ ሦስት መሠረታዊ ችግሮችን ለይቷል። አንደኛ፣ ሥርዓቱ ለድሆች ተደራሽ አልነበረም፤ ለፍላጎታቸውም ምላሽ አይሰጥም ነበር። ሁለተኛ፣ ሙስናን፣ ሥልጣንን አላግባብ መጠቀምንና በፍትሕ ሥራ ጣልቃ መግባትን ለመግታት በቂ እርምጃ አልተወሰደም ነበር። ሦስተኛ፣ ለፍትሕ ተቋማት የሚመደበው በጀት አነስተኛ በመሆኑ ሌሎቹን ችግሮች አባብሷቸዋል።

በዘርፉ ከተካሄዱት ጥናቶች በኋላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲን አጽድቋል። ፖሊሲው ወንጀልን ከኅብረተሰቡ ጋር በመተባበር አስቀድሞ መከላከልን፣ ቀላልና ግልጽ የሆኑ ጉዳዮችን በተፋጠነ ሥርዓት መወሰንን፣ የጥፋተኝነት ድርድርንና ተስማሚ ጉዳዮችን በዕርቅ መጨረስን እንደ አማራጭ አስቀምጧል። በዚያው ዓመት የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል። ተመሳሳይ ጥፋት ፈጽመው የተለያየ ቅጣት የሚወሰንባቸውን ሰዎች ልዩነት ለማጥበብም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣ ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም. በተሻሻለ መመሪያ ተክቶታል።

ሰው በተያዘ ጊዜ

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ላለመናገርም መብት አለው። በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት ሲሆን፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ አግባብ ያለው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይታሰብም። በጊዜው ያልቀረበ ሰው የአካል ነፃነቱ እንዲከበርለት ለፍርድ ቤት የማመልከት መብቱ ሊነፈግ አይችልም። ስለዚህ ቤተሰብ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት እንዲሁም የፖሊስ ጣቢያውን ስም ወዲያውኑ በጽሑፍ ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ አርባ ስምንቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነውና።

ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቀው ከፍርድ ቤት ነው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ቀጠሮ ከ14 ቀናት አይበልጥም። ተጠርጣሪው በእያንዳንዱ ቀጠሮ የምርመራው መጓተት ምክንያት እንዲገለጽ መጠየቅና መቃወም ይችላል። ምርመራው ተጠናቆ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ከደረሰ በኋላም ዐቃቤ ሕግ ክስ የሚመሠርተው በ15 ቀናት ውስጥ ነው።

ዋስትና

ዋስትና በመርህ ደረጃ የተያዘ ሰው መብት ነው፤ የሚከለከለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ነው። ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ሲመረምር ተጠርጣሪው የዋስትናውን ግዴታ አይፈጽምም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ የሚገመት መሆን አለመሆኑን ያያል። ማመልከቻው በጽሑፍ የሚቀርብ ሲሆን፣ ውሳኔ የሚሰጠው በ48 ሰዓታት ውስጥ ነው። የተከለከለ ሰው በ20 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይህ ጊዜ ሲያልፍ የይግባኝ መብት ስለሚታለፍ፣ ቤተሰብ የውሳኔውን ግልባጭ በፍጥነት መጠየቅ ይኖርበታል።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ሁኔታ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው። ይህን አገልግሎት የሚሰጠው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው። ተከሳሹ አቅም እንደሌለው ለችሎቱ በግልጽ ማመልከት ይገባዋል።

በግል አቤቱታ የሚቀርቡ ጉዳዮች

የወንጀል ጉዳይ ሁሉ በእስራት የሚያልቅ አይደለም። እንደ ስድብ ያሉ፣ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች በተበዳዩና በበዳዩ ስምምነት ሊቋጩ ይችላሉ። ሆኖም ተበዳዩ አቤቱታውን ማቅረብ ያለበት ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወራት ውስጥ ነው። ሽማግሌ ፊት የተያዘ ዕርቅ ቢዘገይም ይህ ጊዜ መቆጠሩን አያቆምም። የደንብ መተላለፍ ጉዳዮች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 361/1995 መሠረት በአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች ይታያሉ።

በማረሚያ ቤት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረት በጥበቃ ሥር ያለ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በሕግ አማካሪው የመጎብኘት መብት አለው። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች የሚመሩትም በጥናት ላይ ተመሥርቶ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1174/2012 ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 የተወሰነበትን ቅጣት ሁለት ሦስተኛ፣ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመ ሰው በአመክሮ የሚፈታበትን ሁኔታ ይደነግጋል። መልካም ጠባይ ማሳየትና ላደረሰው ጉዳት በሚችለው መጠን ካሳ መክፈል ከሚታዩት ነጥቦች መካከል ናቸው።

ጥናቶች የለዩት ችግር የሚፈታው አዋጅ በመውጣቱ ብቻ አይደለም። በሕጉ የተቀመጡት ቀናትና ሰዓታት በተግባር ሲከበሩና ባለጉዳዩ አውቋቸው ሲጠይቅ ነው። ስለሆነም ባለጉዳዮች የመዝገብ ቁጥሩን፣ የቀጠሮ ቀኖቹንና የውሳኔ ግልባጮቹን በአንድ ላይ ቢያስቀምጡ መብታቸውን በጊዜው ለመጠየቅ ይረዳቸዋል።