ዝንብ የከለከለው ቅቤ፣ መርከብ የወሰደው ሰሊጥ

ውፍረት ለመቀነስ ወይም የደም ስኳር ለማስተካከል «ኪቶ ጀምሬያለሁ» የሚል ሰው አዲስ አበባ ላይ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። እንጀራው ከገበታው ይነሳና ቅቤ፣ እንቁላል፣ አቮካዶ፣ ሥጋና የውጭ አይብ ይተካሉ። ዝርዝሩ በስልክ ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፍ የትም ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምዕራብ ጠረፍ አጠገብ ላለችው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከተማ አሶሳ ግን ዝርዝሩ የተጻፈ አይመስልም። እዚያ ስብ የበዛበትን ምግብ ለመምረጥ የተነሳ ሰው ከሐኪም ምክር በፊት የሚገጥመው አንድ የቆየ የክልሉ ጣጣ አለ፤ ወተቱን ዝንብ ከልክሎታል፣ የቅባት እህሉም ጥሬውን ተጭኖ ይሄዳል።

የሕክምና ምግብ ነበር

ኪቶ የውበት ፋሽን ከመሆኑ በፊት የሆስፒታል ምግብ ነበር። ጾም የሚጥል በሽታን እንደሚያስታግስ ሐኪሞች አስተውለው ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1921 የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪም ራስል ዋይልደር ሕመምተኛው እየበላ ሰውነቱ እንደ ጾመኛ እንዲሠራ የሚያደርግ አመጋገብ አቀረቡ። ስኳርና ስታርች እጅግ ሲያንሱ ጉበት ከስብ «ኪቶን» የሚባል ነዳጅ ያመርታል፤ አንጎልም በእሱ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1938 ፌኒቶይን የተባለው መድኃኒት ሲገኝ አመጋገቡ ችላ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንደገና ተነሳ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለንደን ውስጥ የተካሄደ ጥናትም የሚጥል በሽታቸው በመድኃኒት አልበገር ያለ ሕጻናትን እንደሚረዳ አሳየ።

ዛሬ ብዙዎች በሚከተሉት ኪቶ ከዕለቱ ጉልበት ከ70 እስከ 80 በመቶው ከስብ ይመጣል፤ ስኳርና ስታርቹ ደግሞ ከ20 እስከ 50 ግራም ባለው ይወሰናል። አንድ ሙሉ የጤፍ እንጀራ ብቻውን ከዚህ ያልፋል። የክልሉ የበርታና የጉሙዝ ቤተሰብ የሚኖርበት የማሽላ ገንፎም እንደዚያው ነው፤ አሶሳ የምትታወቅበት ማንጎም በስኳር የተሞላ ነው። ክብደት በመቀነስ በኩል ኪቶ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሌሎች አመጋገቦች ይቀድማል፤ ዓመት ገደማ ሲሆን ግን ልዩነቱ ይጠባል።

የእኛ አይብና የእነሱ አይብ

የውጭው ዝርዝር «አይብ ብሉ» ሲል የሚያስበው ከክብደቱ ሲሶው ስብ የሆነውን እንደ ቼዳር ያለ አይብ ነው። የእኛ አይብ የሚሠራው ቅቤው ተንጦ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው አሬራ ነው። አሬራው ሲሞቅ የሚረጋው ፕሮቲኑ ስለሆነ፣ አይባችን በፕሮቲን የደለበ፣ ከሦስት አራተኛው በላይ ውሃ የሆነና ስቡ ጥቂት ብቻ የሆነ ምግብ ነው። ጥሩ ምግብ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ለኪቶ የሚፈለገውን ስብ ግን አይሰጥም። ስቡ ያለው ቅቤው ላይ ነው። ለጋ ቅቤ 80 በመቶ ገደማው ስብ ነው፣ ሲነጠር ደግሞ ወደ ንጹህ ስብ ይጠጋል፤ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 5 ግራም ስኳር ይዟል። እርጎ ሲሆን ከፊሉን የእርጎው ባክቴሪያ ይበላዋል እንጂ ሁሉም አይጠፋም።

ስለዚህ የኪቶ የወተት ምርጫ በኢትዮጵያ ቅቤ ላይ ይወድቃል። ሒሳቡ ግን ያስደነግጣል። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚያስፈልገው ሰው 70 በመቶውን ከስብ ያግኝ ቢባል 155 ግራም ስብ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ከቅቤ ለማግኘት በየቀኑ ከ3 ሊትር ተኩል ያላነሰ ወተት መናጥ አለበት። የአገሬው ላም በአማካይ በቀን የምትሰጠው ወደ አንድ ተኩል ሊትር ነው። የአንድ ሰው ሳህን ከሁለት ላም በላይ ወተት ጨረሰ ማለት ነው፤ ጥጃዋና የቤቱ ሕጻናት ሳይቆጠሩ። ገበያው ላይ ደግሞ ከአትክልት ስብ ጋር የተቀላቀለ ቅቤ አለ፤ ገዢው ከፍሎ የሚያመጣው የላም ስብ ስለመሆኑ ማስተማመኛ የለውም።

ገንዲ

ላሚቱስ አለች? ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር በላይ ላይ ያለችው አሶሳ ዙሪያዋን ቆላ ነው። የአባይ፣ የዳቡስና የዲዴሳ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብ መኖሪያ ናቸው። ዝንቡ ከብት ሲነክስ ገንዲ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ጥገኛ ሕዋስ በደም ውስጥ ያስገባል። ከብቱ ደሙ ያንሳል፣ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፤ ላሟ ትጨነግፋለች ወይም ወተቷ ይነጥፋል። በአገሪቱ ደቡብና ምዕራብ ዝንቡ የያዘው መሬት ወደ 200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ ይገመታል። ጉሙዞችና በርታዎች ከጥንት ጀምሮ በመቆፈሪያ እያረሱ በፍየልና በዶሮ ላይ መደገፋቸው ከዚህ መሬት ጠባይ ጋር የተስማማ ኑሮ ነው።

ደገኛው ይህን የተረዳው በመከራ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛውን ከወሎና ከሌሎች የተጎዱ አካባቢዎች፣ ወደ ምዕራብ አሰፈረ። አሶሳና በክልሉ መተከል ዞን ያለችው ፓዊ ከዋናዎቹ መዳረሻዎች ነበሩ። በሬና ላም የለመደ ገበሬ ከብት የማይበረክትበት አገር ገባ። ፓዊ ላይ የጣሊያን መንግሥት የደገፈው የጣና በለስ ፕሮጀክት እርሻውን በትራክተር ያዘው፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ፕሮጀክቱ ሲቆም ሰፋሪው ከገንዲ ጋር ብቻውን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ትግል ተስፋም ድካምም ያለበት ነው። አሶሳ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አላት፤ በፌደራል ደረጃም ለቆላ ዝንብና ለገንዲ ብቻ የቆመ ተቋም ተቋቁሞ ነበር። በመርዝ የተነከረ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ በየወንዙ ዳር ይተከላል፣ ከብቱ ጀርባ ላይ ፀረ ዝንብ ይፈስሳል፣ የታመመው መርፌ ይወጋል። መድኃኒቶቹ ግን ከ60 ዓመት በላይ ያገለገሉት እነዚያው ጥቂቶቹ ናቸው፤ መተከል ውስጥ ደግሞ ጥገኛ ሕዋሱ እንደተላመዳቸው ተመራማሪዎች ካረጋገጡ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል።

ዝንቡ አይበገርም ማለት ግን አይደለም። እናቲቱ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ እንደ ቤት ዝንብ አትፈለፍልም። ዛንዚባር ውስጥ በኡንጉጃ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በጨረር የመከኑ ወንዶች በአውሮፕላን እየተለቀቁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘሩ ጠፋ። ኢትዮጵያም በዚሁ ዘዴ ለደቡብ ስምጥ ሸለቆ ብላ ቃሊቲ ላይ የዝንብ ማርቢያ አቋቁማለች። ኡንጉጃ ግን ባሕር የከበባት ደሴት ናት፣ የዝንቧም ዓይነት አንድ ነበር። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ላይ ዓይነቱ ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱ ሸለቆ ቢጸዳ ከጎረቤቱ ተመልሶ ይገባል። በመተከልና በካማሺ ዞኖች የቆየው ግጭት ደግሞ ጨርቅ ተካዩንም የእንስሳት ሐኪሙንም ከቀበሌው አርቆት ቆይቷል።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» ወተትን፣ እንቁላልን፣ ዶሮንና ማርን ወደ እያንዳንዱ ገበታ ለማምጣት ያለመ አገር አቀፍ መርሐ ግብር ነው። ነገር ግን ለደጋው ከተሞች የምትመች የውጭ ደም ያለባት ላም ገንዲ ባለበት ቆላ ዕድሜዋ አጭር ነው። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሸኮ የሚባል የአገሬው ዝርያ ገንዲን ከሌሎች በተሻለ ይቋቋማል፤ ቁጥሩ እየተመናመነ ነው። መርሐ ግብሩ እዚህ ክልል ላይ ከዶሮ፣ ከፍየልና እንዲህ ካለው ቻይ ዝርያ ቢጀምር ይበጃል።

በማሳው ያለው ስብ

ላም የነፈገው መሬት በሌላ በኩል ቸር ነው። ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ኦቾሎኒና አኩሪ አተር በክልሉ በብዛት ይበቅላሉ። ሰሊጥ ግማሹ ያህል ዘይት ነው፣ ኦቾሎኒም ወደዚያው ይጠጋል። የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ የሆነው ኑግ ከ30 በመቶ በላይ ዘይት አለው፤ የዘይቱም አብዛኛው ክፍል ሊኖሌይክ የሚባለው ያልረጋ ስብ ነው። ከላይ ያሰላነውን 155 ግራም ስብ ከሁለት ላም ከመጠበቅ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ካለ ኑግ መጭመቅ ይቻላል። ለጿሚውም መልሱ ይኸው ነው፤ በጾም ወራት የኦርቶዶክስ ምእመን ስብ የሚያገኘው እንደ ተልባ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥና ኑግ ካሉ የዕፅዋት ምንጮች ነው። ጓሮው ውስጥ ያለው ባምያና የሚበላው የቀርከሃ ቡቃያም ስታርቻቸው ጥቂት ነው።

ነገር ግን ሰሊጥ ለዓመታት ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ያመጣ ሰብል ነው፤ አብዛኛው ጥሬውን በመርከብ ይሄዳል። አገሪቱ ደግሞ ከምትበላው ዘይት አብዛኛውን ከውጭ ትገዛለች። መንግሥት በሸማቾች ማኅበራት በኩል ለዓመታት ያከፋፈለው የፓልም ዘይት፣ በደጋው ብርድ ስለሚጠጥር ሕዝቡ «የሚረጋው ዘይት» የሚለው፣ ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. ግዙፍ የዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር። ፋብሪካ ብቻውን ግን ዘይት አይሆንም፤ የቅባት እህሉ ወደ ውጭ ገበያ ሲሳብ መጭመቂያው ጥሬ ዕቃ ያጣል። ሰሊጡን ያበቀለ ገበሬ የማሌዥያ ዘይት ገዝቶ ወጥ ይሠራል።

ምን ይሻላል?

ኪቶን የሚያስብ አንባቢ በመጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግቡን በድንገት ቢቀይር ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ፣ አንዳንዴም ደሙ በኪቶን ሊመረዝ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የኩላሊት ሕመምተኛ በራሳቸው አይጀምሩት። የፈቀደለት ሰው ደግሞ ስቡን ከቅቤ ብቻ አይፈልግ፤ የኑግና የሰሊጥ ዘይት ለልቡም ለኪሱም ይሻለዋል። ኦቾሎኒ የሚገዛ ሻጋታ ያለበትን ይተው፤ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ይጎዳል።

ትልቁ ሥራ ግን የባለሥልጣናቱ ነው። ገንዲን ሸለቆ በሸለቆ፣ ከኦሮሚያና ከአማራ ክልሎች ጋር በአንድ ዕቅድ የሚዋጋ በጀት ይመደብ፤ ወረዳ በወረዳ የተያዘ ዘመቻ ዝንቡን ከማመላለስ አያልፍም። ከሰሊጡና ከኑጉ ላይም ለአገር ገበታ የሚሆን ድርሻ በአሶሳና በፓዊ አነስተኛ መጭመቂያዎች ላይ ይቅር። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰው ስቡን ከማሳው ማግኘት ሲችል ከባሕር ማዶ እንዲጠብቅ ማድረግ የተፈጥሮ ችግር ሳይሆን የፖሊሲ ጉድለት ነው፤ ጉድለቱም ሊታረም ይችላል።