ፌገዛክ፦ ደለል የወለደው የመርከብ ሠሪዎች ሰፈር

በሰሜን ጀርመን የብሬመን ከተማ አካል የሆነው ፌገዛክ የመርከብ ሠሪዎች ሰፈር ለመሆን የበቃው በቬዘር ወንዝ ድክመት ምክንያት ነው። ወንዙ ጠርጎ የሚያመጣው አሸዋና ደለል መተላለፊያውን እየሞላው በመሄዱ ትላልቅ መርከቦች እስከ ብሬመን መዝለቅ ተሳናቸው፤ ስለዚህም ከተማይቱ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ዝቅ ብላ፣ ከ1619 እስከ 1623 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት፣ በሆላንድ ባለሙያዎች ፌገዛክ ላይ አዲስ ወደብ አስቆፈረች። ብሬመርሃፈን የተባለው የወደብ ከተማ በ1827 ሲቆረቆር የባሕር ንግዱ ወደዚያ አዘነበለ፤ የመርከብ ሥራው ግን በፌገዛክ ቀረ።

መርከብ ሠሪው ዮሐን ላንገ በ1805 ባቋቋመው የመርከብ መሥሪያ ውስጥ፣ በጀርመን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት መርከቦች አንዷ የሆነችው «ቬዘር» ተገንብታ በ1817 አገልግሎት ጀመረች፤ ሞተሯ የመጣው ከእንግሊዝ ነበር። ይህንኑ መሥሪያ ተረክቦ በ1893 የተመሠረተው ብሬመር ቩልካን ደግሞ ሰፈሩን ከእንጨት ወደ ብረት ዘመን አሸጋገረው። ብየዳ ከመስፋፋቱ በፊት የመርከቡ ላሜራዎች የሚያያዙት በሪቬት፣ ማለትም ባለ ራስ አጭር የብረት ችንካር ነበር፤ አንዱ ሠራተኛ ችንካሩን እስኪቀላ አግሎ ያቀብላል፣ ሌላው ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ራሱን ደግፎ ይይዛል፣ ሦስተኛው ከማዶ ጫፉን ቀጥቅጦ ያሰፋዋል፤ ችንካሩ ሲበርድ ስለሚኮማተር ሁለቱን ላሜራዎች አጥብቆ ያጣብቃቸዋል። በአንድ መርከብ ላይ ይህ ሥራ እልፍ ጊዜ የሚደጋገም በመሆኑ፣ የፌገዛክ ክብር ከባለቤቶቹ ይልቅ ለእነዚህ ሠራተኞች ይገባል።

ታሪኩን በሚያማምሩ መርከቦች ብቻ መንገር ግን እውነቱን መሸሸግ ነው። ከፌገዛክ በስተሰሜን ባለችው ፋርገ፣ የናዚ መንግሥት ከ1943 እስከ 1945 ድረስ ቫለንቲን የተባለውን፣ ከ400 ሜትር በላይ የሚረዝም የኮንክሪት ምሽግ በሺዎች በሚቆጠሩ እስረኞችና በግዳጅ ሠራተኞች አስገነባ፤ የቩልካን ኩባንያ ሰርጓጅ መርከቦችን እንዲገጣጥምበት ታስቦ ነበር። ከ1,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ቢያጡበትም አንድም ሰርጓጅ መርከብ አልወጣበትም፤ ዛሬ የመታሰቢያ ስፍራ ነው።

ቩልካን ከጦርነቱ በኋላ አንሰራርቶ ነበር፤ ይሁንና ከጀርመን ውህደት በኋላ በምሥራቁ ክፍል የገዛቸውን መሥሪያዎች ለማደስ የተሰጠውን ድጎማ ለሌላ ጉዳይ አውሎ በ1996 ለኪሳራ ተዳረገ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ሥራ አጡ። በ1875 በአነስተኛ የጀልባ መሥሪያነት የተጀመረውና በ1886 ለመሐንዲሱ ጎትሊብ ዳይምለር የሞተር ጀልባ የሠራው ሌላው የሰፈሩ ኩባንያ ሉርሰን ግን ቅንጡ መርከቦችን በመገንባት እስከ ዘመናችን ዘልቋል።