ትምህርት ቤት ሲዘጋ፦ በሐምራ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታቸው

ከ2019 ወዲህ ቤይሩት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ሳይቋረጥ ያለቀ የትምህርት ዓመት ብዙም አላየም (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በኦክቶበር 2019 የተነሣው ሕዝባዊ ተቃውሞ መንገድም ትምህርት ቤትም ዘጋ። ከፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ጀምሮ ኮሮና ልጆችን ሁሉ ቤት አስቀረ። በዚያው ዓመት ኦገስት 4 የወደቡ ፍንዳታ ከ160 በላይ ትምህርት ቤቶችን ጎዳ። በ2023 መጀመሪያ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን አድማ መቱ። በሴፕቴምበር 2024 የእስራኤልና የሂዝቦላህ ጦርነት ሲከፋ ደግሞ መማሪያ ክፍሎች የተፈናቃይ መኝታ ሆኑ።

በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት «ልጆቹ ከቤት ሆነው ይማራሉ» ተብሏል። በቤይሩትና በዙሪያዋ ባሉ ሰፈሮች፣ በሐምራ፣ በዶራና በቡርጅ ሐሙድ፣ ልጅ ይዘው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን አገር ቤት ትተው እዚህ የሚሠሩ እናቶች፣ ስለዚህ ትምህርት ብዙ ነገር ይሰማሉ። ከሚሰማው ውስጥ እናትን ዝም የሚያሰኝና ልጅን የሚጎዳ አለ። ስድስቱን አንድ በአንድ እንይ።

ተረት 1፦ «የርቀት ትምህርት ኮሮና ያመጣው ነው»

እውነታ፦ በ1937 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ የፖሊዮ ወረርሽኝ የትምህርት መክፈቻ ቀንን ሲያዘገይ ልጆች በሬዲዮ ተምረዋል፤ የትምህርቱን መርሐ ግብር ጋዜጦች ያትሙ ነበር። ሴራሊዮን በ2014 በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤቶቿን ስትዘጋም ትምህርቱን በሬዲዮ አስተላልፋለች። ኢትዮጵያም ብትሆን ትምህርት በሬዲዮ ማሰራጨት ከጀመረች አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ «ድንገት ደረሰብን፣ ምን እናድርግ» የሚለው ምክንያት አያስኬድም። በተለይ በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ በተዘጋ አገር፣ የሚቀጥለውን መዘጋት አስቀድሞ ማሰብ ግዴታ ነው።

ተረት 2፦ «የርቀት ትምህርት ማለት ኦንላይን ማለት ነው፤ ስልክ ከሌለህ አትማርም»

እውነታ፦ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሰው ይህ ተረት ነው። የሊባኖስ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በ2020 ያወጣው ዕቅድ ሦስት መንገድ ነበረው፦ በመንግሥት ቴሌቪዥን በቴሌ ሊባን የሚተላለፍ ትምህርት፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት፣ እና ኔት ለሌላቸው ልጆች በወረቀት የሚዳረስ ትምህርት። ወረቀቱ በዕቅዱ ውስጥ ነበረ፤ በተግባር ግን ብዙ ቤት የደረሰው የዋትሳፕ መልእክት ነው።

ዋትሳፑም ቢሆን መብራት ይፈልጋል። በ2021 የመንግሥት መብራት በቀን አንድና ሁለት ሰዓት ብቻ የሚመጣበት ጊዜ ነበር፤ ኦክቶበር 9 ቀን ደግሞ ሁለቱ ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው አገሪቱ ጨለመች። ዳውላ (የመንግሥት መብራት) ሲጠፋ የሞተር ኢሽቲራክ (የጄኔሬተር ወርኃዊ ክፍያ) መክፈል የቻለ ቤት ራውተሩ ይሠራል፤ ያልቻለው ይዘጋበታል። ሐምራ ላይ ይህ ልዩነት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይታያል፤ የአምስተኛው ፎቅ ልጅ ክፍል ሲገባ የምድር ቤቱ ልጅ ካርድ እስኪሞላለት ይጠብቃል።

ነገሩ የሊባኖስ ብቻም አይደለም። ዩኒሴፍ በኦገስት 2020 እንዳስታወቀው በዓለም ቢያንስ 463 ሚሊዮን ልጆች ትምህርት ቤታቸው ሲዘጋ በኢንተርኔትም፣ በቴሌቪዥንም፣ በሬዲዮም የሚደርሳቸው ትምህርት አልነበረም። ለዚህ ነው ጥሩ የርቀት ትምህርት ደንብ ከወረቀት፣ ከሬዲዮና ከመምህሩ የስልክ ጥሪ የሚጀምረው። ቪዲዮው ለሚችሉት ይጨመራል። ቀጥታ ቪዲዮ ለማይከፈትለት ልጅ መምህሩ በድምፅ ቀድቶ የላከው የአምስት ደቂቃ ማብራሪያ በትንሽ ካርድ ይወርዳል፤ ልጁም ደጋግሞ ሊሰማው ይችላል።

ተረት 3፦ «ሲዘጋ ለሁሉም ነው የሚዘጋው»

እውነታ፦ የሊባኖስ ተማሪዎች አብዛኞቹ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአቅመ ደካማው መጠጊያ ነው። የመምህራኑ አድማ በ2023 የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለወራት ሲዘጋ የግሎቹ ቀጥለዋል። በ2024ቱ ጦርነት መጠለያ የሆኑት በብዛት የመንግሥት ሕንፃዎች ነበሩ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዓመቱን የጀመሩት ኖቬምበር 4 ቀን ሲሆን፣ ከግሎቹ መካከል ከዚያ በፊት በኦንላይን የጀመሩ ነበሩ።

መምህራኑ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ግን ከ2019 በፊት አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2023 ከ90,000 አልፏል። ደመወዙ ለቤንዚን የማይበቃ መምህር ካርዱን ከኪሱ ገዝቶ፣ በራሱ ስልክ እንዲያስተምር መጠበቅ ዕቅድ አይባልም። የመምህሩን መሣሪያ፣ ኔትና ክፍያ ያልጻፈ ደንብ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈርሳል።

ተረት 4፦ «ልጁ ቤት ከሆነ አስተማሪዋ እናቱ ናት»

እውነታ፦ በሊባኖስ ሒሳብና ሳይንስ የሚሰጡት በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። በሥራ ላይ ዐረብኛ የለመደች ኢትዮጵያዊት እናት ከባለሱቁም ከማዳሟም ጋር አሳምራ ትነጋገራለች፤ የዐረብኛውን መጽሐፍ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። ፍሪላንስ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ትምህርቱ በሚሰጥበት ሰዓት ሰው ቤት ናት። የቤት ሥራው ሳይሠራ ቢቀር ጥፋቱ የእርሷ አይደለም።

ኮንትራት ቤት (አሠሪያቸው ቤት) ላሉት እህቶችም ይህ ተረት ሸክም ሆኗል። ልጆቹ ሙሉ ቀን ቤት ሲውሉ ምግቡ፣ ጽዳቱና ጥበቃው በዛ፤ ልጁን ስክሪን ፊት አስቀምጦ መቆጣጠርም ተጨመረ። ማስተማር የመምህር ሥራ ነው። እናትም ሆነች ሠራተኛዋ ልጁን ማበረታታትና ጸጥ ያለ ቦታ ማመቻቸት ይችላሉ፤ የመምህሩን ኃላፊነት ግን አይወስዱም።

ተረት 5፦ «ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌላት እናት ልጅ መብት ስለሌለው አትጠይቂ»

እውነታ፦ እዚህ ላይ ሕጉን በልኩ መናገር ያስፈልጋል። በ2011 የወጣው ሕግ ቁጥር 150 ነፃና ግዴታ የሆነውን መሠረታዊ ትምህርት የሊባኖሳዊ መብት አድርጎ ይደነግጋል። የውጭ ዜጋ ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት መግባቱ የሚወሰነው ሚኒስቴሩ በሚያወጣው መመሪያ፣ እዚህ ታሚም በሚባለው ነው። ስለዚህ «በሩ ለሁሉም ክፍት ነው» ማለት ውሸት ነው።

ይሁንና ሊባኖስ በ1991 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ልጅ በነፃ እንዲሰጥ ያዛል፤ በወላጅ ማንነትና ሁኔታ ልጅን ማግለልንም ይከለክላል። የእናት ወረቀት ማለቅ የልጁን መብት አይሰርዝም። የተመዘገበ ልጅ ደግሞ ትምህርቱ ወደ ርቀት ሲዞር ከመዝገቡ የሚወጣበት ምክንያት የለም። ልጃችሁ ከክፍሉ የዋትሳፕ ግሩፕ ከቀረ ዝም አትበሉ፤ ጠይቁ። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በ2017 የመሠረቱትን እንደ እኛ ለእኛ በስደት ያሉ ማኅበራት ምክር ጠይቁ።

ተረት 6፦ «አገር ቤት ላለው ልጄ ጥሩ ስልክ ከላክሁለት ይበቃዋል»

እውነታ፦ ኢትዮጵያ በማርች 2020 ትምህርት ቤቶቿን ስትዘጋ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ቀሩ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ተሞከረ፤ መብራት ለሌለው የገጠር ልጅ ግን ሦስቱም አልደረሱትም። በአማራ ክልል ከ2023 ወዲህ በቀጠለው ግጭት ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኔት በሌለበት ውድ ስልክ ትምህርት አይሆንም። የምትልኩት ገንዘብ ለመማሪያ መጻሕፍት፣ ለሬዲዮ፣ ለትንሽ የፀሐይ መብራትና ሰፈር ውስጥ ልጆችን ሰብስቦ ለሚያስጠና መምህር ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል።

ስልክ ያለው ልጅም ጥበቃ ይፈልጋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2022 ባወጣው ጥናት በ49 አገሮች ከመረመራቸው የትምህርት መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት የልጆችን የግል መረጃ ለአደጋ የሚያጋልጡ ሆነው ተገኝተዋል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት ከ2023–24 የትምህርት ዓመት ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት አስተዳደሮች የድንገተኛ ጊዜ የርቀት ትምህርት ዕቅድ አስቀድመው እንዲጽፉ ደንግጓል። ልጆች መሣሪያና ኔት እንዴት እንደሚያገኙ፣ በስክሪን መማር ለማይሆንላቸውም ምን እንደሚደረግ በዕቅዱ መካተት አለበት። ቤይሩት ያለች እናትም እነዚህን ጥያቄዎች ለልጇ ትምህርት ቤት ማቅረብ ትችላለች፦

– ነገ ብትዘጉ ልጄ ከማን፣ በምን መንገድ ይሰማል?
– መብራትና ኔት ከሌለን ወረቀቱን ከየት እንወስዳለን? መቼስ እንመልሳለን?
– ኦንላይን ያልገባ ልጅ እንደ ቀሪ ይቆጠራል?
– ያመለጠው ትምህርት ስትከፍቱ እንዴት ይካካሳል?
– መልእክቱን ለእኔ በድምፅ ልትልኩልኝ ትችላላችሁ?

ለእነዚህ መልስ ያለው ትምህርት ቤት ደንብ አለው፤ መልስ የሌለው የዋትሳፕ ግሩፕ ብቻ ነው ያለው። ጥያቄዎቹን ዛሬ፣ በሩ ክፍት ሳለ፣ አቅርቡ። አንዲት እናት ብቻዋን ስትጠይቅ ችላ ሊሏት ይችላሉ፤ አምስት ሆናችሁ ሂዱ።