መብረሩስ ይለመዳል፤ ማረፉ ነው እንጂ

አንባቢ ሆይ! አይሮፕላን መንዳት የሚማር ወጣት አብዝቶ የሚፈራው ወደ ሰማይ መውጣቱን ይመስልህ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ተማሪውን በላብ የሚያጠምቀው ወደ ምድር መመለሱ ነው።

ብዙ ተማሪዎች የሠለጠኑበትን ሴስና 172 የተባለውን ትንሽ አይሮፕላን እንመልከት። ይህ አይሮፕላን በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል። ሦስት ጎማዎች አሉት፤ ሁለቱ ከሆዱ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ደግሞ ከአፍንጫው ሥር ናቸው። ለማረፍ ሲቃረብ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጂው መሬት ለመድረስ ጥቂት ሜትር ሲቀረው አፍንጫውን ቀስ አድርጎ ቀና ያደርግና ፍጥነቱ ሲቀንስ በኋለኞቹ ሁለት ጎማዎች ያርፋል። የፊተኛው ጎማ መሬት የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ የማረፍን ምት እንዲችል አልተሠራምና።

አሁን ራስህን በተማሪው ቦታ አድርገህ ገምት። ከሚገባው በላይ ፈጥነህ ደረስህ፤ ጎማው መሬቱን መታ፤ ክንፉም ገና የማንሣት ኃይል ስላለው አይሮፕላኑ እንደ ኳስ ነጠረ። እስከዚህ ድረስ ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም። አደጋው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪው ይደነግጥና ቶሎ መሬት ለመያዝ ሲል መሪውን ወደ ፊት ይገፋል። ያን ጊዜ የአፍንጫው ጎማ ቀድሞ ይመታል፤ አይሮፕላኑም ከመጀመሪያው ይልቅ ከፍ ብሎ ይነጥራል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም የጎማው እግር ይሰበራል፤ ፕሮፔለሩ አስፋልቱን ይመታል፤ ሞተሩም ይበላሻል።

ስለዚህ የአስተማሪዎች ምክር አጭር ነው። አይሮፕላኑ ከፍ ብሎ ከነጠረ ለሞተሩ ሙሉ ኃይል ስጥ፤ እንደገና ተነሣ፤ ዞረህ ተመለስ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሕይወትን የሚያድን ሥራ ነው።

ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዓይን ነው። ከአፍንጫው ሥር ያለውን መሬት ብቻ የሚያይ ሰው ከፍታውን በትክክል መገመት ይቸግረዋል፤ አሻግሮ የሜዳውን ጫፍ ማየት አለበት። ለዚህም የዩሪ ጋጋሪን ታሪክ ምስክር ይሆነናል። ጋጋሪን በኦረንበርግ ከተማ በነበረው የሶቪየት የአየር ኃይል ትምህርት ቤት ሲማር፣ ሁለት ሰው በሚይዝ ማሠልጠኛ አይሮፕላን ሁለት ጊዜ በደንብ ማረፍ አቅቶት ሊሰናበት ተቃርቦ ነበር። አዛዡ ግን አንድ ዕድል ጨመሩለት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ57 ብቻ ነበርና አስተማሪው ከወንበሩ ላይ ትራስ አደረገለት። ጋጋሪን ከትራሱ ላይ ሆኖ ውጭውን አጥርቶ አየ፤ በደህናም አረፈ። ይኸው ተማሪ በአውሮጳ አቆጣጠር አፕሪል 12 ቀን 1961 ዓ.ም. በቮስቶክ 1 ምድርን ዞሮ ወደ ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ በፈተናም ሆነ በመሥሪያ ቤትህ አንድ ሥራ ቢነጥርብህ፣ ሰው ሳያይብኝ ላስተካክለው ብለህ መሪውን አትግፋ። ተነሥተህ ዙርና እንደገና ሞክር። ነገ አለቃ ወይም አስተማሪ የሆንህ እንደ ሆነም፣ ያልተሳካለትን ልጅ ከማሰናበትህ በፊት ከተቀመጠበት ቦታ ሜዳው ይታየው እንደ ሆነ አስቀድመህ መርምር።