መምህሩ ያማርራል፤ እውነት አለውን?

ገበሬ ወንድማችን! ገበሬ እህታችን!

ልጃችሁን ትምህርት ቤት ትልካላችሁ። ልጁ አንዳንድ ቀን በጊዜ ተመልሶ «ዛሬ መምህር አልመጡም» ይላችኋል። ሌላ ቀን ደግሞ «መምህራኑ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ደሞዝ አልተከፈለንም አሉ» ይላል። እናንተም በዕድር፣ በቡና ላይ፣ በገበያ መንገድ ነገሩን ታነሡታላችሁ።

አንዱ እንዲህ ይላል፦ «መምህር ምን ጎደለበት? ፀሐይ አይመታው፣ ዝናብ አይወርድበት። ግማሽ ቀን ያስተምራል። ክረምት ሲመጣ ሁለት ወር ያርፋል። ደሞዙ ግን በየወሩ ይቆጠርለታል።»

ሌላው ይመልሳል፦ «ኧረ ተው! ልጆቻችንን ሰው የሚያደርግልን እሱ ነው። እሱ ተርቦ ልጄ ምን ይማራል?»

የማንኛው ነገር ትክክል ነው? ዛሬ አብረን እንመርምረው። ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ግን መስፈሪያው ይመረጥ። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ጨርቅ በክንድ ይለካል። ጨርቅን በቁና ልስፈር ያለ ሰው ትርፉ ድካም ነው። መምህሩንስ ከማን ጋር ነው የምናወዳድረው?

መስፈሪያው

መምህሩን ከገበሬ ጋር እናወዳድረው እንበል። ገበሬ ደሞዝ የለውም። ዝናብ ሲቀር፣ አንበጣ ሲወርድ፣ በሬው ሲሞት «ካሣ» ብሎ የሚሰጠው የለም። በዚህ መስፈሪያ መምህሩ ደላው ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፤ በዚሁ መስፈሪያ የወረዳው ጸሐፊም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ሐኪሙም ደላቸው። ስለዚህ ይህ ውድድር የገበሬውን ችግር ያሳያል እንጂ የመምህሩን ስሞታ ሐሰት አያደርገውም።

ትክክለኛው መስፈሪያ ሌላ ነው። ይኸውም፦ ይህን ያህል ዓመት የተማረ፣ ይህን ያህል ኃላፊነት የተሸከመ ሌላ ሠራተኛ ምን ያገኛል? የሚለው ነው። ይህን እኛ ብቻ አላልነውም። መስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም. የአገሮች መልእክተኞች በፓሪስ ከተማ ተሰብስበው ስለ መምህራን አንድ ሰነድ አጽድቀዋል። ስብሰባው በዩኔስኮና በዓለም የሥራ ድርጅት የተዘጋጀ ነበር። ሰነዱ የመምህር ደሞዝ ተመሳሳይ ትምህርት ከሚጠይቁ ሌሎች ሥራዎች ደሞዝ ማነስ እንደሌለበት ይናገራል። ሰነዱ ምክር ነው፤ አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ቢሆንም መስፈሪያውን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም የመምህራን ቀን የሚከበረውም ይህን ቀን ለማስታወስ ነው።

ደሞዝ

በጥንት ጊዜ የኔታ ደሞዝ አልነበራቸውም። ከወላጅ እህል ይመጣላቸዋል፤ ተማሪው እንጨት ይሰብርላቸዋል፣ ውኃ ይቀዳላቸዋል። የዛሬው መምህር ግን በደሞዝ የሚተዳደር ሰው ነው። ማሳ የለው፣ ላም የለው። የቤት ኪራይ ይከፍላል። ጤፉንም፣ በርበሬውንም፣ ዘይቱንም በገንዘብ ይገዛል።

የመምህራን የደሞዝ ጥያቄ ትናንት የተነሣ አይደለም። የመምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ደሞዝ ነበር። ሌላው ግን ስለ እናንተ ልጆች ነበር። መንግሥት «የትምህርት ዘርፍ ጥናት» የሚባል ዕቅድ አውጥቶ ነበር። በዚህ ዕቅድ የብዙኃኑ ልጅ ትምህርት አራት ዓመት ላይ ሊቆም ነው ተብሎ ተፈራ። ወላጆችም አብረው ተቃወሙ። መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። እንግዲህ የመምህር ስሞታ ሁልጊዜ የመምህሩን ኪስ ብቻ የሚመለከት አይደለም።

አሁን ወዳለንበት ጊዜ እንምጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መገባደጃ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ 100 ብር ተጠጋ፤ ከዚያም አለፈ። የብዙ ዕቃ ዋጋም ተከትሎ ወጣ። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። በ2018 ዓ.ም. መግቢያም ሌላ ጭማሪ ታወጀ። በዚህ ጭማሪ በመጀመሪያ ዲግሪ አዲስ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ 11,500 ብር እንዲከፈለው ተወሰነ።

እስቲ እርሳስ አንሡ። ከዚህ ደሞዝ ላይ ከመቶ 7 ለጡረታ ይቀነሳል፤ ይህ 805 ብር ነው። 10,695 ብር ይቀራል። ከዚያም የሥራ ግብር ይነሣል። የቀረውን በናንተ ገበያ ላለው የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ አካፍሉት። ስንት ኩንታል ሆነ? አንድ ሞላ? ካልሞላ፣ በየወሩ የቤት ኪራይና የልጆች ልብስ ከየት ይመጣል?

አሁን ደግሞ አወዳድሩ። አንድ ዩኒቨርሲቲ አብረው ገብተው፣ አብረው የተመረቁ ሁለት ወጣቶች አሉ እንበል። አንዱ ባንክ ተቀጠረ፤ ሌላው ትምህርት ቤት ገባ። የባንኩ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ደሞዙ ይበልጣል። ቤት መሥሪያ ብድር በዝቅተኛ ወለድ የሚያገኝበት ዕድልም አለው። መምህሩ ይህ የለውም። በዚህ መስፈሪያ የመምህሩ የደሞዝ ስሞታ እውነት አለው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያነሰው ደሞዝ እንኳ ሳይከፈል ሲቀር ነው። በትግራይ ከጦርነቱ በኋላ መምህራን የ17 ወር ውዝፍ ደሞዝ ይከፈለን ብለው ጠይቀዋል። በወላይታ ዞን በ2016 ዓ.ም. መምህራን ደሞዛችን በወቅቱና በሙሉ አልተከፈለንም ብለው አቤት ብለዋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። እህላችሁን በዱቤ የወሰደ ነጋዴ ወር እየቆጠረ ቢያመላልሳችሁ ምን ትላላችሁ? የሠራ ሰው የሠራበትን ይጠይቃል። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሰዓትና ዕረፍት

«ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው» ይባላል። በሕጉ የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት አይበልጥም። የፋብሪካና የድርጅት ሠራተኛ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ድረስ ይሠራል። መምህሩ በተለይ በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ የሚቆምበት ሰዓት ከዚህ ያነሰ ይመስላል።

ነገር ግን ሥራው ክፍል ውስጥ ብቻ አያልቅም። በአንድ ክፍል 60 ልጆች አሉ እንበል። መምህሩ የቤት ሥራ ሰጠ። አንዱን ደብተር ለማረም 5 ደቂቃ ቢፈጅበት 60 ደብተር 300 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ 5 ሰዓት ነው። ይህ ለአንድ ክፍል፣ ለአንድ የቤት ሥራ ብቻ ነው። የነገውን ትምህርት መዘጋጀት፣ ፈተና ማውጣት፣ ውጤት መመዝገብ፣ ስብሰባ መቀመጥ ገና አልተቆጠረም። ገበሬም እርሻው የሚያልቀው በሬው ሲፈታ አይደለም፤ ሞፈር መጥረብ አለ፣ ማረሻ ማሳል አለ፣ ዘር መምረጥ አለ። የመምህሩም እንደዚሁ ነው።

ወደ ክረምቱ ዕረፍት እንምጣ። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ዕረፍቱ 20 የሥራ ቀን ነው። የድርጅት ሠራተኛ ሲጀምር 16 የሥራ ቀን ነው። መምህሩ በሐምሌና በነሐሴ የሚያገኘው ዕረፍት ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ «ዕረፍት የለኝም» የሚል መምህር ካለ ስሞታው አይጸናም። ግን ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ብዙ መምህራን ክረምቱን ራሳቸው ተማሪ ሆነው ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ይማሩበታል። ሁለተኛ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ክረምታቸውን ትተው ከተማሪዎች ጋር ገጠር የዘመቱ መምህራን ነበሩ። አባትና እናታችሁ በዚያ ዘመቻ ፊደል ቆጥረው ይሆናል።

ሌሎች ሠራተኞችስ?

ችግር ያለበት መምህሩ ብቻ አይደለም። ሐኪምና ነርስ ሌሊት ያድራሉ፤ በሽታ ይጋባባቸዋል፤ እጃቸው ላይ ሰው ይሞታል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በብዙ ቦታ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር፤ የእነሱም ዋና ጥያቄ ደሞዝ ነበር።

በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተመልከቱ። ይህ ሥራ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመደቡ። በእግሯ ከቤት ቤት ትዞራለች፤ ሕፃን ታስከትባለች፤ ነፍሰ ጡር ትከታተላለች። የግብርና ባለሙያውም ከማሳ ማሳ ይዞራል። የእነሱም ደሞዝ ትንሽ ነው። ስለዚህ መምህሩ «ከሁሉ የከፋው የኔ ሥራ ነው» ቢል ትክክል አይሆንም። ሐኪሟ ሌሊት ስትቆም እሱ ተኝቷል። ነገር ግን የአንዱ ቁስል የሌላውን አያድንም። ጎረቤትህ ሁለት በሬ ሞቱበት ተብሎ «አንድ በሬ የሞተብህ አንተ አትዘን» አይባልም። የመምህሩም የሐኪሟም ጥያቄ እኩል ሊደመጥ ይገባል።

«ያስተምሩ እንጂ!» ለሚሉ

አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ልጆቻችን እየወደቁ መምህሩ ምን አፍ አለው?» ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ልንሸሸውም አይገባም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነ። ቢሻሻልም ከመቶ ልጅ ከ90 በላይ ወድቋል ማለት ነው።

በዚህ ውስጥ የመምህሩ ድርሻ አለበት። ሳይዘጋጅ ክፍል የሚገባ፣ በሥራ ቀን ገበያ የሚውል፣ ተማሪ የሚሳደብ መምህር አለ። እንዲህ ያለው መምህር በደሞዝ ማነስ ሊሸፈን አይገባም። ልጁ ደሞዙን አልቀነሰበትምና። ግን ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው ወይ? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል በብዙ ትምህርት ቤት መጽሐፉ ታትሞ አልደረሰም። ማረሻ ሳይሰጡት «ለምን አላረስክም?» ይባላልን? በጦርነት ምክንያት በትግራይና በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ፈርሰዋልም። በዚያ የተማሪው ዓመት ባክኗል።

ደግሞም ይህን አስቡ። ደሞዙ የማይበቃው መምህር ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ሌላ ሥራ ደርቦ ይደክማል፣ ወይ ትቶ ይሄዳል። ቀድሞ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ የሚፈለገው ጎበዙ ነው። ይህ በኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ዩኔስኮ እንዳሰላው እስከ 2030 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዓለም 44 ሚሊዮን ተጨማሪ መምህራን ያስፈልጓታል፤ ከእነዚህ ውስጥ 15 ሚሊዮኑ ከሰሐራ በታች ላለው አፍሪካ ናቸው። መምህር ሲጠፋ መጀመሪያ ባዶ የሚሆነው የከተማው ክፍል አይደለም፤ ከመንገድ የራቀው የገጠሩ ክፍል ነው። ያ ክፍል የናንተ ልጅ የሚቀመጥበት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ

ስሞታውን እንደ እህል እናበጥረው። «ደሞዜ በወቅቱ ይከፈለኝ» ማለቱ ፍጹም ትክክል ነው። «እኩል ከተማረው ሰው አላንስ» ማለቱም ትክክል ነው። «መጽሐፍና ወንበር ይሟላልኝ፤ ክፍሉ አይጨናነቅ» ማለቱ ደግሞ ከራሱ ይልቅ ለልጃችሁ ነው። «ዕረፍት አነሰኝ፤ ከሁሉም የባስኩ እኔ ነኝ» ካለ ግን ይህ ገለባ ነው፤ ነፋስ ይውሰደው። ገለባ ስላለበት ግን ፍሬውን አብሮ የሚጥል ገበሬ የለም።

እኛስ ምን እናድርግ?

ደሞዝ የሚወስነው መንግሥት ነው። ሆኖም በእጃችን ያለ ነገር አለ።

አንደኛ፣ የመምህሩ ደሞዝ ሲዘገይ በቀበሌና በወረዳ ስብሰባ ላይ እናንተም ጠይቁ። የወላጅ ድምፅ ሲጨመርበት ጥያቄው ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ ከሩቅ የመጣ መምህር ማደሪያ ሲያጣ ሁለት ሰዓት በእግሩ ይመላለሳል። በደቦ አንድ ክፍል ቤት መሥራት ለቀበሌ የማይቻል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ በአጨዳና በአረም ጊዜ ልጁን ከትምህርት አታስቀሩ። ወር ቀርቶ የተመለሰን ልጅ መምህሩ ከየት ይጀምርለት?

አራተኛ፣ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ የልጃችሁን ደብተር ተመልከቱ። ታርሟል? ካልታረመ መምህሩን በአክብሮት ጠይቁ። አሁን ማንበብ ችላችኋልና ማንም አያታልላችሁም። መምህሩ መብቱን ይጠይቃል፤ እናንተም ሥራውን ጠይቁ። ሁለቱ አይጣሉም።

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ፣ ማንበብ ላልቻለው ጎረቤት አንብቡለት። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባም ነገሩን አንሡት።